ሁለት ግራ ጫማና የቀልደኛው መጽሐፍ

መጽሐፉን በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ ነው ባንኮኒው ሥር የወረወርኩት፤ የሞተ አይጥ እንደሚያወጣ ሰው። ሽፋኑ ላይ የቀልደኛው የፍቅረ ሥላሴ ፊት አለ፤ ድዱ እስኪታይ አገጥጦ፣ ጉንጩ በቅባት አብረቅርቆ፣ አንድ ጣቱን ወደ አንባቢው ቀስሮ። ከራሱ በላይ በቢጫ ቀለም «ሳቁብኝ፣ ከበርኩ» ይላል። ሥሩ ደግሞ አነስ ባለ ፊደል «ሕይወትን በቀልድ የማሸነፍ ጥበብ» የሚል አለበት።

ጥበብ ይላል። በኛ አገር ቅኔ ቤት ተቀምጦ ፀጉሩ የሸበተ ሰው እንኳ ጥበብ አለኝ ለማለት ያፍራል። ይሄ ጠላ ቀጂ ግን አላፈረም።

ደግሞስ እሱ ላይ ማን ሳቀ? ሲስቅ የኖረው እሱ ነው። የተሳቀበት እኔ ነኝ፤ ቢቸና ገበያ ዳር ሱቅ ያለኝ፣ ሰማው የምባለው።

መጽሐፉን ያመጣችው ልጄ ወይንእሸት ናት። ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት። ሞጣ ነርስ ሆና ትሠራለች፤ እዚያው ይስማው ከሚባል የመብራት ሠራተኛ ጋር ተዋወቀች። ልጁ ለኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የላከው ስጦታ ይሄ ነው። ለሴት ልጅ አባት ጋቢ ይላካል፣ ማር ይላካል፤ እሱ የላከልኝ የቀልደኛ ጥርስ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለአባታችን፣ በታላቅ አክብሮት» ብሎ ጽፎበታል። ወይንእሸት ስትሰጠኝ ጠቃሚ ምክር አለው አለችኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ሁሉ ምክር የሚጎድለው ይመስላቸዋል፤ የተማሩ ልጆች አንዱ ጠባያቸው ነው።

እሷ ነገሩን አታውቅም። ነግሬያት አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጉብዝናዬ ጊዜ የሻው የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ ሞጣ ሴት አጨና እኔን አንደኛ ሚዜ አደረገኝ። ጥሎሽ የማቀርበው እኔ ነኝ ማለት ነው። ጥሎሽ ሲቀርብ የሴቷ ወገን ሽማግሌዎች ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሡ ማራከሳቸው ያለ ነው፤ ቀሚሱ አጠረ፣ ነጠላው ሳሳ ይላሉ፣ ሚዜው ይሟገታል፣ መጨረሻ ላይ ይመረቃል። እኔ ደግሞ ሙግት እችል ነበር። ሌሊቱን ስዘጋጅበት ነው ያደርኩት።

የሙሽራዋን ጫማ በሰርጉ ዕለት ጠዋት ሞጣ ገበያ ገዛሁ። ጫማ ነጋዴ እንዴት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ፤ ሌባ እንዳይወስደው አንድ እግሩን ብቻ ይደረድራል፣ ጥንዱ ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ነጋዴው ከማዳበሪያው አንዱን መዝዞ፣ ከተደረደረው ጋር ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አስሮ ሰጠኝ። አልፈታሁትም። የጥሎሽ ዕቃ የሚፈታው በሴቷ ወገን ፊት ነው፤ ቀድሞ የተፈታ ዕቃ ሰው የለበሰው ይመስላል፣ ያስነውራል። ስለዚህ እንደታሰረ ይዤው ገባሁ።

ዳሱ ውስጥ ሽማግሌው ሲባጎውን ፈቱ። ጫማውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው አሳዩ። ነጭ ነው፣ ያምራል። ከዚያ አንዱን ከአንዱ አጠገብ አደረጉት። ሁለቱም ግራ ናቸው።

ሙግት አልመጣልኝም። አፌ ደረቀ። ያኔ አንድ ማንም የማያውቀው ቀጭን ጎረምሳ፣ ጠላ ይቀዳ የነበረ፣ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠና ሁለት እግሩን ወደ አንድ ጎን አጣምሞ እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመ ዳሱን ዞረ። ሰው በሳቅ ወደቀ። ሴቶቹ እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። የሻው፣ ስለሱ ብዬ የተዋረድኩለት ሰው፣ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ጫማውን ወርውረው መለሱልኝ። ጎረምሳው ፍቅረ ሥላሴ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሞጣን ረግጬ አላውቅም። ለቅሶ ቢሆን፣ ክርስትና ቢሆን፣ አልሄድም። ልጄ እዚያ ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ ቤቷን አላየሁትም። ባለቤቴ አየሁሽ ብቻዋን ትሄዳለች። ለየሻውም ሰላምታ አቆምኩ፤ ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ፍቅረ ሥላሴ አዲስ አበባ ገባ፣ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። እሱ በወጣ ቁጥር እኔ ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ።

እንግዲህ አሁን ከሞጣ ሽማግሌ ተላከብኝ።

መጀመሪያ ሲመጡ ዘመድ ላማክር ብዬ መለስኳቸው፤ ይሄ ያለ ወግ ነው፣ ማንም አይቀየምበትም። ተዘግቶ የነበረው መንገድ ለመኪና ሲከፈት ጠብቀው ሁለተኛ መጡ። ሦስት ናቸው፤ የሚመሯቸው የልጁ አጎት ናቸው፣ አቶ ገብረ ኪዳን፣ ከዘራ የያዙ ረጅም ሽማግሌ። እንደ ደንቡ ጉዳያቸው ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው በር ላይ ቆሙ። አቶ ገብረ ኪዳን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው ወደ እግሬ ወረደ። ጫማዬን አዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

አወቅኩ። ሞጣ አልረሳም አልኩ። ዞሬ በጓሮ በር ወጣሁና ሱቄ ገባሁ፤ ሦስት የአገር ሽማግሌ በቆሙበት ትቼ። አየሁሽ እንዴት እንደሸኘቻቸው አላውቅም። ማታ እራቴን አቀረበችና ከፊቴ ቆመች።

«ልጅህን ነው ወይስ ራስህን ነው የምትድረው?» አለች።

እንጀራዬን ቆረስኩ።

ወይንእሸት ደወለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ በሐምሌ አቦ ማግስት ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚመጡ ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለበሽተኛ እንደምትናገረው እየለየች ተናገረች።

«አባዬ፣ በዚህም ጊዜ ከመለስካቸው ሞጣ ላይ ሰማንያ እፈርማለሁ። ይስማው ምስክር ይዟል። አንተን አልጠራህም፤ ብጠራህም አትመጣም፤ ሞጣን ለምን እንደጠላሃት እንኳ አልነገርከኝም። ስወልድም አትመጣም ማለት ነው።»

ስልኩን ዘጋች። እንግዲህ ነገሩ እዚህ ደርሷል። አንድ ልጅ አለችኝ፤ በአንድ ቃል ልትሄድ ነው።

በዚያ ሰሞን ነው መጽሐፉን መቅደድ የጀመርኩት። ፌስታል ተከልክሏል ከተባለ ወዲህ ሱቅ ወረቀት ይፈልጋል፤ ጨው፣ በርበሬ፣ ምስማር፣ ኮረሪማ፣ ሁሉም የሚጠቀለለው በወረቀት ነው። የፍቅረ ሥላሴ ወረቀት ወፍራም ነው፣ ጥሩ ይይዛል። ከዚያ በላይ ጥቅም አላየሁበትም። እየቀደድኩ ግን አነባለሁ። ለምን እንደማነብ አትጠይቁኝ፤ ሰው ቁስሉንም ያሸታል።

የሚያቅለሸልሽ ነገር ነው የጻፈው። ጠዋት ስትነሣ መስታወት ፊት ቆመህ ለራስህ ፈገግ በል ይላል። ጠዋት ስነሣ ፊቴን ማየት የማልፈልግ ሰው ነኝ። ጠላትህን እንደ አስተማሪህ ቁጠረው ይላል። አስተማሪዬንም አልወደውም ነበር፤ «አንተ ከበሬ ጋር ነው መማር ያለብህ» ብሎኝ ነው ትምህርት ያስጠላኝ። በየገጹ መጨረሻ በሳጥን ውስጥ «ሳቅ!» የሚል ትእዛዝ አለው። ወታደር እንኳ እንዲህ አያዝም። ያንን ገጽ ለምስማር አደረግኩት።

ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ምዕራፉ «የመጀመሪያ ውርደቴ» ይላል። በወጣትነቱ ለጓደኛው ሚዜ ሆኖ ሞጣ እንደሄደ፣ ጠዋት ገበያ ጫማ እንደገዛ፣ ሳይፈታው እንደገባ፣ ሽማግሌው ሲፈቱት ሁለቱም ግራ እንደሆኑ ይተርካል። እኔ እኔ እያለ። አፌ ደረቀ ይላል። አፉ ደረቀ ይላል እኮ፤ የደረቀው የኔ አፍ ነው። ታዲያ በዚያ ድንጋጤ መሐል ሐሳብ መጥቶለት እግሩን አጣምሞ ዳሱን ዞረ፣ ሰውም ወደደው፣ እንጀራውም ተከፈተ።

ወደ ደጅ ወጥቼ ተፋሁ። ሰው በግ ይሰርቃል፣ ሰው መሬት ይገፋል። የሰው ኀፍረት የሚሰርቅ ሌባ ግን ከሱ በፊት አላየሁም። ስንት ዓመት ሙሉ እንደ ሪህ ተሸክሜው የኖርኩትን ነገር እሱ ሸጦ በላበት፤ እኔ የጠላኝን ሞጣ ስሸሽ እሱ ሞጣ ላይ ሐውልት ሊቆምለት ምንም አልቀረው።

ተመልሼ ቀሪውን አነበብኩ፤ ልቅደደው ብዬ ነው። ከታሪኩ ሥር ምክር አለው። እንዲህ ይላል፦ «ሰው የሚስቅብህ ነገር ካለህ አትደብቀው። የደበቅኸውን ነገር ሌላው ሰው ያወራዋል፣ ሲያወራውም የሱ ይሆናል። ቀድመህ አንተ ተናገረው። ከመጀመሪያው ጀምረህ፣ ሳትቸኩል፣ እነሱ የማያውቁትንም ጨምረህ። ራስህ ያወራኸውን ማንም አይወስድብህም። ነገር ግን ተናግረህ ስትጨርስ አንድ ነገር እንዳታደርግ፤» ገጹ እዚህ ላይ አለቀ።

ቀጣዩ ቅጠል የለም።

ሌባ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ነገሩ እውነት ነበር። ይሄ ነው የሚያንገሸግሸው። ራሱ ያደረገውን ነው የጻፈው፤ እኔ ደበቅኩት፣ እሱ ቀድሞ ተናገረው፣ የሱ ሆነ። ምን እንዳላደርግ ነው የሚለኝ? ቀኑን ሙሉ ባንኮኒው ሥር በረበርኩ። ኋላ ትዝ አለኝ፤ ቅጠሉን ሳላነበው ለብቻው መዝዤ ለውበቴ ጥቁር አዝሙድ ጠቅልዬበታለሁ።

ውበቴ አረቄ ቤት ያላት ጎረቤታችን ናት። ምላሷ ሰው አይምርም። ስገባ ደንበኛ አልነበራትም፤ ተመስገን አልኩ። የጠቀለልኩልሽ ወረቀት የት አለ ብዬ ጠየቅኋት፤ ለምን ትፈልገዋለህ አለች፤ ጽሑፍ አለበት አልኩ።

«አያ ሰማው፣ ዕቃ ሸጦ ወረቀቱን ሊቀበል የመጣ ነጋዴ ዛሬ አየሁ» አለች። «አዝሙዱንም ልመልስልህ?»

ወረቀቱን የአረቄ ጠርሙስ ወትፋበታለች። ነቅላ ሰጠችኝ። ረጥቦ፣ ግማሹ ቀለሙ ፈስሶ፣ ሽታው አፍንጫ ይበጣል። ወደ በሩ ብርሃን ይዤው ዘረጋሁት። ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። የፍቅረ ሥላሴ መጽሐፍ ነው ማለት ሞት ስለሆነብኝ የመድኃኒት ነው አልኳት።

«ታዲያ ያክምህ» አለች። «ልጅቷ እንደሆነች ልትሄድብህ ነው፤ አገር ሰምቶታል።»

የሚነበበው ይሄ ነበር፦ «አትሳቅ፣ አትሂድም። ከሳቅህ ይቅርታ የምትለምን ይመስላቸዋል። ከሄድክ ሳቁ ተከትሎህ ይመጣል፣ ዕድሜህን ሙሉ። ባለህበት ቁም። ሰው ስቆ ይደክመዋል፤ አንተ ዝም ብለህ ቁም። ሲደክማቸው ወደ ጉዳይህ ግባ።» ከሥሩ ሳጥኑ ውስጥ የነበረውን ትእዛዝ አረቄው አጥፍቶታል። እግዜር ይስጠው አረቄውን።

የአቦ ማግስት መጡ። ወይንእሸትም ከሞጣ መጥታለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ከእናቷ ጋር ናት። ሻንጣዋን አልፈታችም፤ በር አጠገብ እንደተዘጋ አቁማዋለች፤ ያየሁት እኔ ነኝ፣ እንዳየው ነው ያቆመችው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ደንቡን ጠብቀው በር ላይ ቆሙ። ከነሱ ፊት ለፊት እኔም ቆምኩ። የጓሮው በር ከኋላዬ ክፍት ነው፤ ነፋሱ ጀርባዬን ይነካኛል።

አቶ ገብረ ኪዳን ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ቀደምኳቸው። እናንተ ከመናገራችሁ በፊት እኔ የምለው አለኝ አልኩ። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። ሞጣ ሰርግ ሁለት ግራ ጫማ ይዤ የገባሁት ሚዜ እኔ ነኝ አልኩ። ከገበያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ማዳበሪያውን፣ ሲባጎውን፣ የሻው ሆዱን ይዞ መሳቁን። የማያውቁትንም ጨመርኩ፦ ከሰርጉ በኋላ የነበረው ቅዳሜ ሞጣ ገበያ ሄጄ፣ ጫማውን በብብቴ ደብቄ፣ ሁለት ቀኝ የደረሳት ሴት ልትመልስ ትመጣ ይሆናል ብዬ ነጋዴው ዕቃውን ሰብስቦ እስኪሄድ ድረስ ቆሜ ጠብቄ ነበር። አልመጣችም። ሞጣን ለመጨረሻ ጊዜ የረገጥኩት ያኔ ነው። ሴትየዋ እስከ ዛሬ በሁለት ቀኝ እየሄደች መሆን አለበት አልኩ።

ጨረስኩ። እርስ በርስ ተያዩ።

አቶ ገብረ ኪዳን ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አቶ ሰማው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ የፍቅረ ሥላሴ ታሪክ አይደለም እንዴ? የወንድሜ ልጆች በስልክ አሳይተውኛል። እሱ ራሱ ነው ሚዜ የነበረው።»

ከጎናቸው ያለው ሽማግሌ ደግሞ ድሮ ሲወራ የአንድ የግንደወይን ሰው ታሪክ ነው ይባል ነበር አለ። ሦስተኛው ቀልድ ይመስለው እንደነበር ተናገረ፤ እውነት የተደረገ አይመስለውም።

ሞጣ አያውቀኝም። ለቅሶ የቀረሁባት፣ የልጄን ቤት ያላየሁባት፣ ጀርባ የሰጠኋት ሞጣ እኔን ሰማውን አታውቀኝም። መጀመሪያ ለግንደወይን ሰው ሰጠችው፣ ከዚያ ለሌባው። ከጓሮ የሚመጣው ነፋስ ና ና ይለኛል። እግሬ ሊዞር ነበር። ሽታው መጣብኝ፣ የዚያ እርጥብ ወረቀት ሽታ። ባለህበት ቁም።

ቆምኩ። «አየሁሽ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አምጪልኝ» አልኩ።

አየሁሽ ጣለው ስትለኝ የኖረች ናት፤ ምን እንዳልኩ ወዲያው ገባት። ጫማዎቹን አምጥታ መደቡ ላይ አስቀመጠች። ነጭ የነበረው ቆዳ እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ሆኗል፣ ዘለበቱ ዝጓል። አቶ ገብረ ኪዳን ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡ። ሌላውን አነሡ። አንዱን ከአንዱ አጠገብ አደረጉ፤ ልክ እንደዚያን ቀን።

ከዚያ ሳቁ። መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የተንቀጠቀጠው። ቀጥሎ ድምፅ ወጣ። ከዘራቸው ወደቀ። ሌሎቹም ገቡበት፤ ከመጋረጃው ጀርባም የልጄን ሳቅ ሰማሁ፤ እናቷ አፏን ልትይዝላት ስትሞክር ጭምር ይሰማል። ጆሮዬ ነደደ። አልሳቅኩም። አልሄድኩም። አንገቴ ላይ ላብ ሲወርድ ይሰማኛል፤ እንደ ግድግዳ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። የሚያስጸይፍ ነው፣ ሰው ፊትህ ቆሞ አፉን ከፍቶ ሲስቅብህ ጥርሱን መቁጠር። ግን አለቀ። ሰውዬው እንዳለው ደከማቸው። አቶ ገብረ ኪዳን በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ጫማዎቹን ቀስ ብለው፣ ጎን ለጎን አድርገው መለሱ።

«ለዚህ ነበር ባለፈው ጥለውን የሄዱት?» አሉኝ።

ጫማዬን አይተው ስለሳቁ ነው አልኩ።

«እኔ? የጫማዎ ክር ተፈትቶ ነበር። እንዳይጥልዎት ልነግርዎት ስል ነው የወጡት።»

ምን ይባላል? ጉዳያችሁን ተናገሩ አልኳቸው። ተናገሩ፤ ልጃችሁን ለልጃችን፣ በክብር፣ በወግ። አቶ ገብረ ኪዳን ሲጨርሱ አቀርቅረው ጠበቁ።

«ተቀመጡ» አልኩ።

ተቀመጡ። አየሁሽ እልል አለች። ወይንእሸት ወጥታ ጉልበቴን ሳመች፤ ቀና ስትል ዓይኗ ጫማው ላይ ነበር። ለምን አልነገርከኝም አለች፤ አሁን ነገርኩሽ አልኳት። ሻንጣዋን ወደ ጓዳ አስገባችው።

ከጥምቀት በኋላ ነው ሰርጉ። ጥሎሹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው፤ ጫማው ቢቸና ከመድረሱ በፊት ይፈታ፣ ያስነውራል ቢባልም ይፈታ። አቶ ገብረ ኪዳን እንደገና ሊስቁ ነበር፤ ራሳቸውን ያዙ። ለቅልቅሉ ሞጣ እሄዳለሁ። ይስማው ደውሎ ፍቅረ ሥላሴ በዚያ ሰሞን ወደ አገሩ ሊመጣ እንደሚችል፣ መድረኩን እንዲመራልን እንደሚለምነው ነገረኝ፤ ደስ የሚለኝ መስሎት። ይምጣ አልኩት። ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ጫማዎቹም ከኔ ጋር ይሄዳሉ።

ያንን ሰው አላመሰግነውም። የሰረቀኝን ዕቃ የት እንዳስቀመጠው ስለነገረኝ ምስጋና አይገባውም። መጽሐፉ በጨውና በምስማር አልቋል። ሽፋኑ ብቻ ቀርቷል፤ አልታጠፍ ብሎ ምንም አይጠቀለልበትም፤ የሚወዛወዘው ሚዛን እግር ሥር አድርጌዋለሁ፣ ፊቱን ወደ መሬት።

ሁለቱን ቅጠሎች ግን ጠቅልዬ በጫማዎቹ ውስጥ ወትፌያቸዋለሁ፤ አንዱን በአንዱ፣ አረቄ የሚሸተውን በሌላው። ወረቀት ያልተወተፈበት ጫማ ይጨማደዳል። ሌላ ምክንያት የለውም።